ባዶውን የተመለሰው ሳህን

ነገ ለተማሪዎቼ የማስረዳው ቃል «ቁርሾ» ነው። መጽሐፉ «ቂም» ብሎ በአንድ ቃል አልፎታል። ትናንት ቱሉ ዲምቱ፣ እናቴ ቤት፣ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ያለውን ሰማያዊ የብረት ሳህን ሳይ ግን ይህ ትርጉም እንደማይበቃ ገባኝ። ቂምን ሰው ብቻውን ሊይዘው ይችላል፤ ቁርሾ ግን ጠቡ አለቀ ከተባለ በኋላ በሁለት ሰዎች መካከል የሚቀረው ነው።

ልጅ ሳለሁ ቃሊቲ፣ የከባድ መኪና ጩኸት ግድግዳችንን በሚያንቀጠቅጥበት ሰፈር፣ ይህ ሳህን በእኛና በጎረቤታችን በእትዬ ዘይነባ መካከል ባለው አጥር ቀዳዳ ይመላለስ ነበር፤ በፋሲካ ድፎ ዳቦ ይዞ ይሄድና ቴምር ወይም ሳምቡሳ ይዞ ይመለሳል፤ ባዶ ሳህን መመለስ ነውር ስለነበር፣ ተላላኪው እኔ መንገድ ላይ ሁለት ሳምቡሳ ባጎድልም እንኳ ሙሉ ይመስል ነበር።

ከዚያ የእትዬ ዘይነባን ልጅ ሰሚራን ያጩት ሰዎች ሐሳባቸውን ለወጡ። «በሽተኛ ናት ብላ ያስወራችው እናንተ ጎረቤት ያለችው ናት» ብለው ለእትዬ ዘይነባ ነገሯቸው፤ እናቴን ማለታቸው ነው። እናቴ አላለችም። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታፈሰ ሁለቱን ሴቶች ፊት ለፊት አስቀመጡ፤ ማን ምን እንዳለ ግን መስማት አልፈለጉም።

«ይቅርታ ጠይቂና ሳሚያት፤ በቃ።»

«ያላልኩትን፣ ጋሼ?»

«ለእኛ ስትይ! ቀኑን ሙሉ እዚህ ልንውል ነው እንዴ?»

እናቴ ይቅርታ ጠየቀች። ተሳሳሙ፤ ተጨበጨበ። በቀጣዩ ፋሲካ ዳቦ ይዞ የሄደው ሳህን ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ባዶውን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ምግብ አቅርባበት አታውቅም።

ሰፈሩ ፈርሶ እኛ ቱሉ ዲምቱ፣ እነሱ ገላን ኮንዶሚኒየም ገባን። አንድ ታክሲ የሚያደርስ መንገድ ነው፤ ማንም አልሄደበትም። ባለፈው ወር እትዬ ዘይነባ አረፉ። ለቅሶ ቤት እናቴ ሰሚራን አቅፋ፣ ስንት ዓመት ይዛው የኖረችውን ተናገረች፦

«እኔ አላልኩም፣ ልጄ።»

ሰሚራ አልተቆጣችም። በእውነት ግራ ገብቷት «ታዲያ እማማ፣ ያኔ ለምን ይቅርታ ጠየቋት?» አለች።

እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ክንዷን ይዤ ስወጣ፣ ድንኳኑ በር ላይ የተቀመጡት ጋሽ ታፈሰ ለአጠገባቸው ሰው ሲያወሩ ሰማኋቸው፦

«እቺንና ሟቿን በአንድ ጠዋት ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ።»