በአርባ ሰባት የሚያልቀው ስልክ

ሰፈሩ ሁሉ ሚሊሜትር ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት። ሌላ ሰፊ ግማሽ ሳንቲሜትር ቢያልፍበት አይቶ እንዳላየ ይሆናል፤ እሷ ለሁለት ሚሊሜትር ብላ ያለቀለት እጅጌ ፈትታ እንደገና ትሰፋለች። እንዲህ ስትል ሃያ ዓመት ሆናት። ሱቋ ውስጥ ሁለት መኪና፣ አንድ ካውያና ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ መስታወት አለ። በሩ አጠገብ ደግሞ ቁልፍ የሚተክሉላት አንዲት እማማ ይቀመጣሉ።

ከሱቋ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የታናሽ እህቷ ሱቅ አለ። እህቷን ከልጅነቷ ጀምሮ ሚጢጢ ነው የሚሏት። ሚጢጢ ትባል እንጂ ዛሬ በር የምትገባው ጎንበስ ብላ ነው። ስፌት ያስተማረቻት ሚሊሜትር ናት፤ ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ሚጢጢ፣ «እትዬ፣ እስቲ እኔም የራሴን ልሞክር» አለቻት። «ሞክሪ» አለች ሚሊሜትር። ያለችው ግን በአፏ ብቻ ነበር። ደግሞ ሌላ ሰፈር መስሏት እንጂ ማዶ ትከፍታለች ብላ መቼ አሰበች?

ከዚያ ወዲህ ሚሊሜትር ስትሰፋ አንድ ዓይኗ መርፌው ላይ፣ አንዱ ማዶ ሆነ። ስንት ሰው ገባ? ምን ይዞ ወጣ? ያቺ ሴትዮ የኔ ደንበኛ አልነበረችም እንዴ? የማዶው አምፖል ይደምቃል። የማዶው መስታወት አልተሰነጠቀም። ከሁሉ ከሁሉ ያንገበገባት ግን የእናታቸው ትራስ ነው። እናታቸው ድሮ ቀን ቀን እሷ ሱቅ ነበር የሚውሉት። አንድ ቀን «እዚያ ብርሃን አለ፣ ለዓይኔ ይሻለኛል» ብለው ትራሳቸውን በብብታቸው ይዘው ተሻገሩ። እሳቸው አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ፤ ትራሱ ግን እንደሄደ ቀረ።

ትናንት ደግሞ ማዶ መስኮት ላይ አዲስ ቀሚስ ተሰቀለ። ሚሊሜትር ኮሌታውን ስታየው ደሟ ፈላ። ጫፎቹ ወደ ውስጥ የሚታጠፉት፣ እሷ ራሷ ያወጣችው ኮሌታ ነው!

«አዩልኝ እማማ! ከታብሌቴ ላይ እየሰረቀችኝ ነው!»

«ታብሌቷ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አይደለችም እንዴ? በምን እጇ ነው የምትሰርቅሽ?»

«በኢንተርኔት ነዋ! አካውንቱን የከፈተችው እሷ ናት።»

እውነቷን ነው፣ የከፈተችው ሚጢጢ ናት። ከአራት ዓመት በፊት፣ አብረው ሳሉ፣ «እትዬ፣ ደብተሩ ይቅርብሽ፣ ይጠፋል» ብላ የደንበኛውን ልክና የልብሱን ፎቶ ሁሉ ታብሌቷ ላይ አስገባችላት። እህትማማቾቹ ደንበኛን በስሙ አይመዘግቡም፤ ባዩት ነው የሚመዘግቡት። አንገቴ፣ ቀብራራው፣ ዘንበል ያለው መምህር፣ ተለክታ የማትጠግበዋ። ደንበኛው ቢያይ ይቀየማል፤ እነሱ ግን ስም ይረሳሉ እንጂ ትከሻ አይረሱም።

ሚሊሜትር ትናንት ኮሌታውን እንዳየች ታብሌቷን ስትነካካ ስትነካካ «ከሁሉም መሣሪያዎች አስወጣ» የሚል አገኘች። ማዶ ማዶውን እያየች ተጫነችው። «ውጪልኝ!» አለች፣ ሚጢጢ የምትሰማት ይመስል። ታብሌቷም ታዛዥ ናት፤ ሁሉንም አስወጣች። ሚሊሜትርን ራሷንም ጨምሮ።

ይህን ያወቀችው ዛሬ ጠዋት ነው። የሆቴል አስተናጋጆች ሰደርያ ልትቆርጥ ጨርቁን ዘርግታለች። ዘጠኝ አስተናጋጅ ባለፈው ሳምንት ለክታለች፤ የዘጠኙም ልክ ያለው ታብሌቷ ውስጥ ብቻ ነው። የአስተናጋጆቹ አለቃ ደግሞ ቁርጡን ነግሯታል፦ «ልጆቹን ሁለተኛ አላመጣም። ስምንት ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ ተቆርጦ ካላየሁ ጨርቁን ማዶ እወስደዋለሁ።» እህትማማች መሆናቸውን አያውቅም። ይህን ያህል ትልቅ ሥራ ሚሊሜትር እጅ ከገባ ዓመት አልፎታል። እሱም ማዶ ሊሻገር ነው!

ታብሌቷን ስትከፍታት ፓስወርድ ጠየቀቻት። የልደት ቀኗን ጻፈች፤ እምቢ። የእናቷን ስም ጻፈች፤ እምቢ። ሚሊሜትር ብላ ጻፈች፤ ታብሌቷ እምቢ ብላ ጮኸች።

«ምን ሆና ነው የምትንጫጫው?» አሉ እማማ።

«ፓስወርድ ስጪኝ ትለኛለች።»

«ታዲያ ስጫታ!»

«ጠፋኝ እኮ! አራት ዓመት ሙሉ ጽፌው አላውቅም። ዝም ብላ ትከፍትልኝ ነበር።»

«ጥሩ ሠራተኛ ነበረች፤ አባረርሻት» ብለው እማማ ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱ።

ከታች «ፓስወርድ ረሱ? ኮድ ላክ» የሚል አለ። ተጫነችና ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ምንም የለም። ደግማ ተጫነች። ስልኩን አራገፈችው፣ ኔትወርክ ይስባል ብላ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ደግማ፣ ደግማ፣ ደግማ ተጫነች። መጨረሻ ላይ እማማ መነጽራቸውን አድርገው መጡ።

«‹በአርባ ሰባት ወደሚያልቀው ስልክ ተልኳል› ነው የሚለው። ያንቺ በስንት ነው የሚያልቀው?»

የሚሊሜትር በዜሮ ሦስት ነው የሚያልቀው። በአርባ ሰባት የሚያልቀውን ግን በደንብ ታውቀዋለች።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ጨርቁ እንደተዘረጋ ነው። እንዲያውም ይቅርብኝ ብላ ተቀመጠች። ተነሳች። ደግሞ ተቀመጠች። የአለቃው ጨርቅ በሚጢጢ መቀስ ሲቆረጥ ታያት፤ ያኔ ታብሌቷን ሰው እንዳያይባት በገበር ጨርቅ ጠቅልላ ወጣች።

ሚጢጢ ሱቅ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ወንበሩን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ሁለት! የቀረው የእናታቸው ወንበር ብቻ ነው፣ ከነትራሱ፤ እሳቸው ዛሬ አልመጡም።

«ተቀመጪ እትዬ» አለች ሚጢጢ፤ መቀሷን እንኳ አላስቀመጠችም። «ኮድሽን ፈልገሽ ነው?»

«በምን አወቅሽ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ዘጠኝ ኮድ ላክሽልኝ እኮ! ሌባ መስሎኝ ደነገጥኩ። በመስኮት ሳይሽ ታብሌቷን በጥፊ ታጠናግሪያታለሽ።»

«ታዲያ አይተሽኝ ዝም አልሽ?»

«ብመጣ ‹ልትሰልይኝ መጣሽ› ልትዪኝ አይደል?»

ሚሊሜትር እንደዚያ ነበር የምትላት፣ ቃል በቃል።

ትራሱ ላይ ተቀምጣ እንደገና ተጫነች። የሚጢጢ ስልክ ወዲያው ጮኸ። ሚጢጢ ቁጥሩን አነበበችላት፣ ሚሊሜትር ጻፈች። አዲስ ፓስወርድ ሲላት «ዘወር በይ» አለቻት። ሚጢጢም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ታብሌቷ ተከፈተች። የሚሊሜትር ጣት ግን ወደ አስተናጋጆቹ አልሄደም። ስንት ጊዜ እንደተሰረቀች ማየት አለባት። ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተች። ትናንት፦ ይቺው ታብሌት። ከትናንት ወዲያ፦ ይቺው ታብሌት። ወደ ታች ወረደች፤ ወሩ አለቀ፣ ዓመቱ አለቀ፤ ያው ይቺው ታብሌት። የሚጢጢ ስልክ የተጻፈበት መስመር ላይ ስትደርስ ቀኑን አየችው። ሚጢጢ «የራሴን ልሞክር» ያለችበት ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልገባችም። ኮዱ ሁልጊዜ በእጇ ነበር፤ ብትፈልግ በማንኛውም ቀን መግባት ትችል ነበር።

«ልዙር?» አለች ሚጢጢ ከግድግዳው።

«ኮሌታውስ?» አለች ሚሊሜትር። ድምጿ እንዳሰበችው አልወጣላትም።

ሚጢጢ ዞረች። ታብሌቷ ላይ ያለውን አየች፣ ገባት። «ኮሌታውን ያስተማርሽኝ አንቺ! ፎቶ ምን ያደርግልኛል? ሌላ ኮሌታ መች አሳየሽኝ?» አለች። ከዚያ ረጋ ብላ፣ «እኔን ልታስወጪ ነበር እንዴ?»

ሚሊሜትር ገበሩን ታጣጥፍ ጀመር፤ ሳይጨማደድ።

ሚጢጢ ስልኳን አየች። «ሰባት ተኩል ሆኗል። ስንት ነው የሚቆረጠው?»

«ዘጠኝ ሰደርያ። በስምንት ሰዓት።»

«ብቻሽን አትደርሺም።» ለተቀመጡት ደንበኞች፣ «እህቶቼ፣ ግማሽ ሰዓት ታገሱኝ» አለችና መቀሷን አነሳች። እዚያው ወንበሩ ላይ ያለችውን እህቷን ግን ከኋላዋ ቆም ብላ አየቻት። «እትዬ፣ ቀሚስሽ ቀኝ ትከሻው ላይ ይስብሻል።»

«አውቃለሁ። ጀርባዬን ማን ይለካልኝ?»

ሚጢጢ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አውርዳ እህቷን አስነሳቻት፤ ከትከሻ ትከሻ ዘረጋችባት። ሚሊሜትር ያልተሰነጠቀው መስታወት ውስጥ ሙሉ ሆና ቆማለች።

«አርባ አንድ።»

«አርባ አንድ ከሦስት ሚሊ ነው፤ ሜትሩን አጥብቀሽዋል» አለች ሚሊሜትር፣ ሳታይ።

ሚጢጢ አላላችው። አርባ አንድ ከሦስት ሚሊ ሆነ።

ሊወጡ ሲሉ ታብሌቷ አንድ ነገር ጠየቀች፦ «በአርባ ሰባት የሚያልቀው ስልክ አሁንም የእርስዎ ነው?» ሚሊሜትር ጥቂት አሰበችና «አዎ» የሚለውን ነካች።

በሩ ላይ ደግሞ ቆመች። ወደ እናታቸው ወንበር ዞራ ብርሃኑን ለካችው፣ በዓይኗ፣ ጨርቅ እንደምትለካው።

«እውነትም እዚህ ብርሃን አለ» አለች። «መስታወቱን ግን ከየት እንዳመጣሽው ሳትነግሪኝ መንገዱን አልሻገርም።»