ሳንቶ ዶሚንጎ፣ የሙዚየሙ በር ላይ

ልጅ ሳለሁ፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣ አባቴ የአሜሪካ ሲቲዝን ሆነ። በዚያው ሳምንት ስማይርና ወዳለው አፓርታማችን ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «የሳንቶ ዶሚንጎ ትኬት ቡክ አደረግኩ» አለን። ኮሌጅ ፓርክ ከኤርፖርት እንግዳ የሚያመላልስ የሆቴል ሻትል ነበር የሚነዳው። ለዓመታት ከካሪቢያን የሚመለሱ ሰዎችን ሻንጣ ሲጭንና ሲያወርድ፣ ስለ አሮጌው ከተማ ሲያወሩ ሲሰማ ኖሯል። «አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ተሳፋሪ ልሁን» አለ። እናቴ ሳቀች፤ እኔ የዋና ልብሴን ፍለጋ ሮጥኩ።

ከተማዋን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሽታዋ ነው፤ ዝናብ የነካው ድንጋይ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ከወንዙ በኩል የሚነፍስ የናፍጣ ጭስ። ሽማግሌዎች ዛፍ ጥላ ሥር ዶሚኖ ጠረጴዛ ላይ እያጮሁ ይጫወታሉ። አስጎብኚያችን ፊት ፊት እየሄደ «የመጀመሪያው» ሲል ዋለ፤ አውሮፓውያን ከባሕሩ ወዲህ የሠሩት የመጀመሪያው ጎዳና፣ የመጀመሪያው ካቴድራል፣ የመጀመሪያው ሆስፒታል። እኔ የወደድኩት ግንቡን ነበር። ድንጋዩ ውስጥ የባሕር ዛጎል ተቀርቅሮ ይታያል፤ በጣቴ እየዳሰስኩ ማን እንደተሸከመው አስጎብኚውን ጠየቅኩት። «ሠራተኞች» አለኝና ወሬውን ቀጠለ። ባሪያዎች ማለት አቅቶት ነው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እንኳ እውነቱን መናገር ከበደው።

ከምሳ በኋላ አስጎብኚው ሄደና እኛ ብቻችንን ወደ አንድ ሙዚየም አመራን። ድሮ የባለሥልጣን መኖሪያ የነበረ፣ በሩ ትልቅ ቤት ነው። ዘበኛው ከፊታችን የነበሩትን ነጭ ጎብኚዎች ትኬታቸውን ሳያይ አሳለፈ። እኛ ጋ ሲደርስ በክንዱ በሩን ጋረደ። ከጎናችን አንዲት ሴት ከልጇ ጋር ቆማለች። ከጎረቤት አገር ከሄይቲ የመጡ መሆናቸውን የተረዳሁት ኋላ ነው። ልጅቷ እኩያዬ ናት፤ ነጭ ካልሲ አድርጋለች፣ ሹሩባዋ ጫፍ ላይ ቢጫ ሪባን ታስሯል። ለዚያ ቀን ተብሎ እንደለበሰችው ያስታውቃል። እናትየው ሁለት ትኬት ዘረጋች። ዘበኛው አላያቸውም፤ በአገጩ ወደ አስፋልቱ አመለከታት።

አባቴ ሰማያዊውን ፓስፖርት አወጣ። ዘበኛው ወዲያው ፈገግ ብሎ «ዌልካም» አለና ገለል አለልን። ይሄኔ ሴትየዋ ወደ አባቴ ዞራ በስፓኒሽ አንድ ነገር ተናገረች፤ አጭር፣ ቀስ ያለ ነገር። አባቴ ደግሞ ከሆቴሉ የወጥ ቤት ሰዎች ተምሮ ስፓኒሽ ይሰማል። እጄን ጎትቶ ገባ።

ውስጥ ካለው ሁሉ የማስታውሰው አንድ የመስታወት ሣጥንና በውስጡ ያለውን የእግር ሰንሰለት ነው። በመስኮቱ በኩል ልጅቷ ትታየኛለች። እናቷ ጎንበስ ብላ ሪባኗን ታስተካክልላታለች፤ ያልተፈታውን ሪባን።

«ምን አለችህ?» አልኩት አባቴን።

«አልሰማኋትም።»

«ሰምተሃታል።»

እናቴ ዝም እንድል በዓይኗ ገሠጸችኝ። ዝም አላልኩም። አባቴ ካርቱም በስደት ሳለ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሁሉ ከመንገድ እየለቀመ ሲጭን፣ አንድ ባለሱቅ «ይሄ የኔ ሠራተኛ ነው» ብሎ ዋሽቶ አድኖታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያወራልን ታሪክ ነው። «ያ ሰውዬ ግን ተናግሮልሃል» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። ወደ በሩ ሮጠ። እኛም ተከተልነው። ሴትየዋና ልጇ የሉም። እስከ መንገዱ ጥግ ሄዶ በሁለቱም በኩል አየ፤ ዶሚኖ የሚጫወቱት ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ተመልሶ ዘበኛው ፊት ቆመ። «ና፣ ይበቃል» አለችው እናቴ።

በሰው አገር ድንጋይ ተሸክሞ ያን ከተማ የሠራ ሕዝብ ሰንሰለቱ በመስታወት ተከብሮ ይቀመጣል፣ የልጅ ልጁ ግን ትኬት ይዛ በሩ ላይ ትመለሳለች። ይሄ እስከ ዛሬ ያበግነኛል። ይህን ነገር ለባሌ ስነግረው «ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው እኮ፣ ሌት ኢት ጎ» ይለኛል። ምን ብዬ ልተወው?

ባለፈው ወር አባቴን ከሐኪም ቤት ይዤው ስመለስ ሀይዌዩ ተዘጋግቶ ቆመን ነበር። አሁን ሸምግሏል፣ ቀኝ ጆሮውም ደክሟል። ድንገት፣ ማንም ሳያነሳው፣ «ያቺ ሴትዮ» አለ። የትኛዋ ብዬ አልጠየቅኩትም።

«‹ወንድሜ፣ ከእኛ ጋር ናቸው በለው› ነው ያለችኝ። ጥርት አድርጌ ሰምቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላልክም?»

«ፓስፖርቱን የሚቀማኝ መሰለኝ። ገና የኔ መሆኑን አላመንኩም ነበር።»

ያኔ ቢሆን እጮህበት ነበር። አሁን የፊቱ መኪና እስኪንቀሳቀስ መሪውን ያዝኩ። «ምንም አይደለም አባዬ» እንድለው እየጠበቀ እንደሆነ አውቄያለሁ። አላልኩትም፤ ቀላል ነገር አልነበረምና። ብርድ ብርድ ሲለው አይቼ ግን የመኪናውን ማሞቂያ ከፍ አደረግኩለት።