የእስፔን ጦርነት ቆቦ ላይ

ቆቦ ጠጅ ቤት በነበረኝ ዘመን ከደንበኞቼ አንዱ ጣልያን መካኒክ ነበር። ሠራዊታቸው ተሸንፎ ሲወጣ እዚሁ ቀርቶ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ጋራዥ ከፈተ። አማርኛው ቢሰባበርም ወሬው ይጣፍጣል።

«ሀበሻ አገር የመንገድ ሥራ አለ ብለውኝ ፈረምሁ» ይለኝ ነበር። «ከመርከብ ስወርድ ጠመንጃ ሰጡኝ። ሀበሾቹ የታሉ ብል፣ ይሄ እስፔን ነው አሉኝ።»

ያኔ የእስፔን ሰው ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ ይተላለቅ ነበር። ጣልያንና ጀርመን ለአንዱ ወገን ወታደርና አውሮፕላን ላኩ፤ ሩሲያ ለሌላው ታንክ ላከች። የሚሞተው የእስፔን ልጅ፣ የሚፎክረው ሌላ። መካኒኩ ወደኛ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ክረምት ከአስመራ የመጣ የጭነት መኪና ሮቢት ላይ ተሰብሮ ተጎተተና ጋራዡ ገባ። ሾፌሩም ጣልያን ነበር። መለዋወጫው ከደሴ እስኪመጣ ሁለቱ እኔ ዘንድ ምሳ ይበላሉ። ወሬ ሲጀምሩ ሾፌሩም እስፔን ተዋግቶ ኖሯል፤ ግን የአገሩን መንግሥት ጠልቶ፣ ሩሲያ ካስታጠቀችው ወገን ጋር። ሁለቱም ብድግ ብለው ይጯጯሁ ጀመር።

ቤቴ ውስጥ ዋጃ ባለ መሬት የሚካሰሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ባላባት ናቸው፤ ጣልያን ጠመንጃ ሲያድል ቀድመው ተሰልፈዋል ይባላል። ሌላው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ አርበኛ ነበርሁ ይላል፣ የዋለበትን ዱር ግን የሚያውቅለት የለም። ክሱ እስኪያልቅ ጭሰኛው ለሁለቱም ይገብራል።

«ምንድን ነው የሚያጣላቸው?» አሉ ባላባቱ። መካኒኩ በተሰባበረ አማርኛው የነገረኝን ነገርኋቸው።

«እንግዲያው መካኒኩ የኔ ሰው ነው። ቅጅለት!»

«ሾፌሩ በኔ!» አለ ጸሐፊው ከወዲያ ጥግ።

«አንቱ፣ እስፔን የት እንደሆነ ያውቁታል?» አልኋቸው ባላባቱን።

«አላውቀውም። ያንን ሰውዬ ግን አውቀዋለሁ» አሉ በአገጫቸው ወደ ጸሐፊው እያመለከቱ።

ብርሌው በብርሌ ላይ ተደረደረ። ጣልያኖቹ ግን ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። ኋላ መካኒኩ ወደኔ ዞሮ ተረጎመልኝ።

«በረዶ ውስጥ ተኝተን እንራባለን። ከወዲያ በድምፅ ማጉያ በቋንቋችን ይጠሩናል፤ ወንድሞች፣ ወደኛ ኑ፣ ትኩስ ሾርባ አለ ይሉናል። ልሄድ ፈልጌ ነበር። አለቃዬ ከኋላዬ ሽጉጥ ይዟል። ያን ሾርባ ስንት ዓመት አስቤዋለሁ መሰለሽ። ለካ ከወዲያ ከነበሩት አንዱ ይሄው ነው፤ አሁን ስጠይቀው፣ ሾርባ አልነበረም፣ እኛም ጦማችንን ነበርን ይለኛል።»

ይህን ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩም ሳቀ። ሲስቁ ቆይተው ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉና ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ወደ ጋራዡ ተሻገሩ።

«ታረቁ?» አሉ ባላባቱ ተቆጥተው። «የኔን ጠጅ ጠጥተው?»

«የርስዎ ሰው ነው የተንበረከከው!» አለ ጸሐፊው።

«የሩሲያ አሽከር!»

«ባንዳ!»

ተናነቁ። ሁለት አግዳሚ ወንበርና የብርሌ መደርደሪያዬን ሰብረው ፖሊስ ወሰዳቸው። ዳኛው የጠቡን ምክንያት ሲጠይቁ ባላባቱ ኮስተር ብለው «በእስፔን ጉዳይ ነው» አሉ፤ ችሎቱ በሳቅ ተናጋ።

መካኒኩ መኪናውን ጠግኖ ሲጨርስ ጋራዡን ዘግቶ ከሾፌሩ ጋር አስመራ ገባ፤ እዚያ አብረው ይሠራሉ ሲባል ሰማሁ። ለኛዎቹ ሽማግሌ ተቀመጠላቸው። ማን ቀድሞ ይቅርታ ይጠይቅ በሚለው ሳይስማሙ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ለሁለት ተከፍለው፣ እየተሰዳደቡ ተበተኑ።