የማይበስለው ቦሎቄ

ጉርድ ሾላ ያለውን የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ስወጣ ከጎረቤት የሚቀቀል ቦሎቄ ከሸተተኝ እግሬ ይቆማል፤ ልቤ ግን መውጣቱን ይቀጥላል፣ እንጦጦ ተዳፋት ላይ እስከነበረችው የጭቃ ቤታችን ድረስ።

እናቴ የአርባ ምንጭ ልጅ ነበረች። አባቴን አግብታ እዚያ ብርድ ላይ ስትወጣ ያልጠበቀችው ፈተና ቦሎቄው ሆነባት፤ ከጠዋት ተጥዶ፣ ሲንተከተክ አርፍዶ፣ ውሃ ተጨምሮበት ተጨምሮበት፣ ለምሳ ሲቀርብ አሁንም ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። አብራን የምትኖረው የአባቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ዘነበች፣ አንዷን ፍሬ በጣቷ ጨመቅ አድርጋ፣ ለጣሪያው የምታወራ ይመስል፣ "ባለሙያ ማግባት ነበር" ትላለች። አባቴ አቀርቅሮ ያኝካል። እናቴ ጓዳ ገብታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የሳይንስ አስተማሪያችን ቲቸር ሰናይት ከየቤታችን ጥያቄ እንድናመጣ አዘዙን። ሌሎቹ ስለ ቀስተ ደመና፣ ስለ ዓሣ መተንፈስ ጠየቁ። እኔ ተነስቼ፣ "በእናቴ አገር ቶሎ የሚበስል ቦሎቄ እኛ ቤት ለምን እምቢ ይላል?" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሳቸው አልሳቁም፤ ቅዳሜ ቴርሞሜትር ይዘው ዳገቱን እያለከለኩ ቤታችን መጡ።

ድስቱ ሲፍለቀለቅ ቴርሞሜትሩን ነከሩበት። ቀዩ መስመር ዘጠናን እንዳለፈ ቆመ፤ እናቴ እንጨት ብትጨምርበትም ፈቅ አላለም።

"እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ውሃው በደንብ ሳይግል ይፈላል" አሏት። "አርባ ምንጭ ግን የፈላ ውሃ ከዚህ ይበልጥ ይግላል። ጥፋቱ የተራራው ነው፤ የእርስዎ እጅ ምንም የለበትም።"

እትዬ ዘነበች ጉሮሮዋን ጠረገች። "እንግዲህ ወንድሜ ተራራውን አይፈታው!" አባቴ ከት ብሎ ሳቀ፤ እናቴም እየሳቀች አለቀሰች። እትዬ ከዚያ ወዲያ ቦሎቄ መጨመቅ ተወች።

እናቴ ደግሞ ጥያቄ ጀመራት። ጠዋት ፀጉሬን እየጎነጎነች፣ ሽንኩርት ለምን እንደሚያስለቅስ፣ ድመት ስትወድቅ እንዴት ሁልጊዜ በእግሯ እንደምታርፍ ጠይቄላት እንድመጣ ታስይዘኛለች። አንድ ቀን፣ "ሲያዛጋ ያየ ሰው ለምን ያዛጋል?" ብላ ላከችኝ። ቲቸር ብዙ አሰቡና፣ "ይህን እኔም አላውቅም፤ አጣርቶ ያወቀም ያለ አይመስለኝ በያቸው" አሉ።

ዛሬ እናቴም ቲቸርም የሉም፤ ቤታችን በነበረበት ሰፊ አስፋልት አልፎበታል። እኔም ባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ተማሪዎቼ ሁሉንም ከስልካቸው ሲያገኙት አያለሁ። ለሁለቱ ሴቶች ያለኝ ምስጋና ግን አላለቀም። እናቴ ያንን መልስ ስነግራት ማበጠሪያዋን ይዛ በር ላይ ቆማ፣ "አላውቅም አሉ? በእኔ ጥያቄ?" ስትል የበራው ፊቷ እስካሁን ደስ ያሰኘኛል።