ደህና ነሽ መባልን የፈራችው ሴት

ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ለአእምሮ ሕክምና ክትትል ከሁሩታ አዳማ የመጣች ናት። ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባለች። ሌሎቻችን ወረፋው ረዘመ ብለን ስናጉረመርም፣ እሷ ተራዋን ከኋላ ለመጡት ትለቃለች።

"ለምን አትገቢም እህቴ?" አልኳት።

"ደህና ነሽ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው" አለች ዝግ ብላ። "አምና ደህና ነሽ ብለው ክኒኑን ቀነሱልኝ። ብዙም ሳይቆይ ልጄን ገበያ መሃል፣ ማን እንደሆነች ሳላውቃት ትቻት ሄድኩ።"

"ተገኘች?"

"ተገኝታለች። አሁን ደራ ከተማ ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው። ስታየኝ ከኋላው ትሸሸጋለች።"

ይህን ስትናገር አላለቀሰችም፤ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትፈትላለች እንጂ።

በመጨረሻ ነርሷ ስሟን ጠርታ አስገባቻት። ብዙ ሳትቆይ የመድኃኒት ማዘዣ ይዛ ወጣች።

"እንዴት ሆነ?" አልኳት።

"እንቅልፍ የለኝም፣ ድምፅም እሰማለሁ አልኩት ሐኪሙን። ክኒኑን ጨምሮ አዘዘልኝ።"

"ትሰሚያለሽ እንዴ?"

"ኧረ ከጠፋ ቆየ።" ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። "ይሄኛው መጠን ቀኑን ሙሉ እንደሚያፈዝዘኝ አውቃለሁ። ልጄን አይቼ ከማላውቃት ግን ፈዝዤ ብኖር ይሻለኛል።"