ባና በታሸገ ፖስታ

በደርግ ጊዜ መሐል ሜዳ ከተማ የነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ለእንግዳ ማረፊያው ሌሊት የሚለበስ አሥራ ሁለት የበግ ጠጉር ባና ሊገዛ ፈለገ። እኛ አገር ባና የሚገዛ ሰው ገበያ ወጥቶ ይዳስሳል፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል፣ ይከራከራል። መሥሪያ ቤቱ ግን የሦስት ሰው ዋጋ በጽሑፍ፣ በታሸገ ፖስታ ይቅረብልኝ አለ።

አባቴ ሸማኔ ነበሩ፤ የበግ ጠጉሩን የምፈትለው እኔ ነኝ። ጉልበታቸው እያመማቸው ባና ተሸክመው በእግራቸው እስከ ዘመሮ ገበያ ይሄዱ ነበር። ይህን ሥራ ካገኘን ያን በጋ መንገዱ ይቀርላቸዋል። የፈለግሁት ይህንኑ ብቻ ነው።

ዋጋውን የምጽፈው እኔ ሆንኩ። ስድስተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ የሰፈሩን ደብዳቤም የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሰው ፊት ቀና ብዬ መናገር አልችልም፤ ወረቀት ግን አያፈጥብኝም። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ አይቼ ስለነበር በአብዮታዊ ሰላምታ ጀመርኩ፤ መጨረሻው ላይ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» ብዬ ዘጋሁት። ባና ውስጥ ሞት ምን እንደሚሠራ አልጠየቅሁም፤ ያኔ ደብዳቤ ሁሉ የሚያልቀው እንዲያ ነበር።

መሐሉ ላይ ዋጋ መግባት አለበት። አባቴ አንዱን ባና የሚሸጡት በሠላሳ አምስት ብር ነው። ገበያ ላይ ግን የሚጠሩት ሃምሳ ነው። ገዢው ሃያ ይላል፣ ይሳሳቃሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ገዢው ጥሎ ሄዶ ይመለሳል፣ ከዚያ ይስማማሉ። ስንት ልጻፍ ብዬ ብጠይቃቸው፣

«ሃምሳ በዪ፤ ይወርዳል» አሉኝ።

ሃምሳ ብዬ ጻፍኩ።

ፖስታው የሚከፈት ቀን አባቴ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው፣ ለክርክር ጉሮሯቸውን ጠርገው ሄዱ። እኔ በሩ ጥግ ቆምኩ። የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ያዥ አንድ በአንድ ከፍቶ አነበበ። የእኛ ሃምሳ። የሌላው ሸማኔ ሃምሳ አምስት፤ እሱም የገበያ ጥሪውን ነበር የጻፈው። ሦስተኛው ጨውና ላምባ የሚሸጥ ባለሱቅ ነው፤ ባና ለብሶ ይተኛ እንደሆነ እንጂ ሠርቶ አያውቅም። እሱ አርባ አራት ብሏል። ገንዘብ ያዡ አሸናፊው እሱ ነው አለ።

አባቴ ክርክሩ ገና የተጀመረ መስሏቸው «እርስዎስ ስንት ይላሉ?» ብለው ጠየቁት።

«ፖስታው ተከፍቷል አባት። እዚህ ዋጋ የሚባለው አንድ ጊዜ ነው።»

አባቴ ግን አርባ ሦስት አሉ። ሌላው ሸማኔ አርባ አለ። ሠላሳ ስምንት ላይ ሲደርሱ ዘበኛው ሁለቱንም አስወጣቸው። ለመንግሥት በርካሽ እንሽጥ ብሎ የለመነ ሰው ሲባረር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ባለሱቁ ቤታችን መጣ። በሳምንት ውስጥ አሥራ ሁለት ባና ሊያስረክብ ፈርሟል፤ ሌላው ሸማኔ ያለው ሦስት ብቻ ነው። አባቴ ለቅሶ ሄደዋል። ባለሱቁ የተደራረበውን ባና እየዳሰሰ ሃያ አምስት አለኝ። አፈርኩና ዝም አልኩ። ሠላሳ አለ። መሬት መሬት አየሁ። ጠጉሩ እንደሚሻክር፣ ቀለሙም እንደማያምር ነገረኝና ሠላሳ አምስት አለ። አሁንም ቃል አልወጣኝም። በመጨረሻ ወረቀት አምጥቼ ጻፍኩለት፦ የአንዱ ዋጋ አርባ ሁለት ብር፤ ቅናሽ የለውም። ሰላምታውንም ሞቱንም ተውኩት።

አንብቦ በጣቱ ሒሳብ ሠራ።

«ለእኔ ሁለት ብር ብቻ ልትተዪልኝ ነው?»

«አዎ ጋሼ» አልኩ፣ እንዳቀረቀርኩ።

አጉረመረመ፣ ከፈለ፣ አሥራ ሁለቱን አስጭኖ ሄደ። መሥሪያ ቤቱም በሠላሳ ስምንት አልገዛም ያለውን ባና በአርባ አራት ገዛ።

አባቴ ሲመለሱ ገንዘቡን ሰጠኋቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጠቆረ።

«አከራከርሽው?»

«የለም፣ ጻፍኩለት።»

«ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ ሳታከራክሪው ሸኘሽው?» አሉኝ፣ እህል ውኃ ሳላቀምሰው የሰደድኩት ይመስል።

በማግስቱ ገበያ ነበር። አንድ ባና ተርፎናል። አባቴ ትከሻቸው ላይ ጣሉትና፣ ብለምናቸውም እንቢ ብለው፣ በእግራቸው ዘመሮ ሄዱ። ማምሻውን እያነከሱ ገቡ፤ በሠላሳ ሦስት ሸጠውታል። ጉልበታቸውን በቅቤ ሳሽላቸው ገዢው ስንት ጊዜ ጥሏቸው ሄዶ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ፣ ከሠርግ እንደመጣ ሰው፣ እየሳቁ ነገሩኝ።