እርሳስ ተገኝቷል

የልጄ ልጅ እርሳስ ስትቀርጽ ሽታው ከደረሰኝ ዛሬም ተነሥቼ ከቤት እወጣለሁ። ሳቅ ከመጣባችሁ ሳቁ፤ እኔ ግን በእርሳስ ምክንያት አባቴን ከቀዬው ያስነቀልኩ ሰው ነኝ።

የደርግ ጊዜ ነው። ከኮን ከተማ ወዲያ ደጋው ላይ፣ ከአንዲት ትንሽ ሐይቅ አጠገብ እንኖር ነበር። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነው። አንድ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ጎንበስ ስል የመሠረተ ትምህርት እርሳሴ ከጆሮዬ ላይ ሾልካ ሐይቁ ውስጥ ገባች። ውሃ በላት። አስተማሪያችን «የመንግሥት ንብረት ነው፤ የጣለ ይጠየቃል» ይለን ስለነበር ትንፍሽ አላልኩም።

በዚያው ሰሞን ከሐይቁ የጠጡ ከብቶች ሞቱ። መንደሩ «የቀጥቃጩ ጭስ ውሃው ላይ እየወረደ ነው የፈጃቸው» አለ። አባቴ ዘንድ ማረሻ የሚያሠራ ጠፋ።

ከአዲስ አበባ አንድ ተመራማሪ መጣ። በትንሽ ጀልባ ሐይቁ መሀል ገብቶ፣ ረጅም ቱቦ ወደ ታች ሰድዶ ጥቁር ጭቃ አወጣ። ጭቃው ድርብርብ ነበር፤ የረግረግ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ስለ ቀጥቃጩ ጭስ ሲጠየቅ «ነፋስ ያመጣውን ሁሉ ይህ ጭቃ በየዓመቱ ያስቀምጣል፤ መርምሬ እጽፍላችኋለሁ» አለን።

ከወራት በኋላ ደብዳቤው ደረሰ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የመሠረተ ትምህርትን ፍሬ ሊያሳዩ እኔን ሕዝቡ ፊት አቆሙኝ።

«በይ የኔ ልጅ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢ።»

«ከሐይቃችሁ ያወጣሁትን ጭቃ መርምሬዋለሁ» ብዬ ጀመርኩ። ዓይኔ ግን ቀድሞኝ ሄደ፦ «በላይኛው ጭቃ ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል።»

ክው አልኩ። እርሳሴ! ከብቶቹን የፈጀሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

«የቀጥቃጩ ጭስ ነው ይላል ወይስ አይደለም?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እሱን አልጻፈም። የቀረው ሰላምታ ነው» አልኩና ወረቀቱን ጉያዬ ወሸቅኩት። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ አምጪ ያለኝ አልነበረም።

አባቴ ከሰው ኋላ ቆሞ አንገቱን ሲደፋ አየሁ። በሳምንቱ ወናፉን አህያ ላይ ጭኖ፣ እኔን አስከትሎ ላሊበላ ገባ። ድንጋይ ተሸካሚ ሆነ።

እዚያው ትምህርት ቤት ገባሁ። ሰባተኛ ክፍል ስደርስ የሳይንስ አስተማሪያችን «እርሳስ ከብረታ ብረት አንዱ ነው፤ የምትጽፉበት እርሳስ ውስጥ ግን የለም፤ ስማቸው ነው አንድ የሆነው» አሉ። ደንግጬ ከክፍል ወጣሁ። ቤት ሮጬ፣ የደበቅኩትን ደብዳቤ ከሣጥን ሥር አወጣሁና በፍርሃት ያላነበብኩትን መስመር አነበብኩ፦ «ከሩቅ ከተሞች በነፋስ የመጣ ነው እንጂ ከቀጥቃጩ አይደለም። መጠኑም ከብት አይገድልም።»

ማታ አባቴ አቧራ ለብሶ ሲገባ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። ድንጋይ ባሻከረው እጁ ፊቴን ጠረገልኝ።

«ምነው ያኔ ብትነግሪኝ» አለ፤ «ሌላ እርሳስ እገዛልሽ አልነበር?»